ባዶ ደሴት አንግዛ፦ ስለ ቨርቹዋል ካምፓስ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለመንግስት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንቶችና የቦርድ አባላት፣ ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፣ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የማስተምርበትን ግቢ ስም አልጠራም ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ግቢ ጉዳይ አይደለም፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ጓደኞቼም ተመሳሳይ ፕሮፖዛል እነሱ ጋም እየዞረ እንደሆነ ነግረውኛል። በቅርቡ ስብሰባ ተጠርተን አንድ አማካሪ መጥቶ ስለ ቨርቹዋል ካምፓስ ፕሬዘንት አደረገልን። ፕሮጀክተሩ ላይ የግቢያችን ዋና በር በስሪዲ ተሰርቶ ይታያል፣ በሩ አጠገብ ያለው ጃካራንዳ ሳይቀር አለ፣ ላይብረሪው ከእውነተኛው በላይ ያበራል፣ ተማሪው የቪአር መነጽሩን (አይን ላይ የሚታሰር ስክሪን) አጥልቆ ከየትም ሆኖ ይገባና ሌክቸር ይከታተላል ተባለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን አወጣሁ ግን ሰአት አልቋል ተብሎ ስብሰባው ተዘጋ፣ እና የዛን ቀን ልናገር የነበረውን ነው እዚህ የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ይቅርታ አድርጉልኝና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፣ እኔ ቴክኖሎጂ የሚጠላ ሰው አይደለሁም። ማስተርሴን የሰራሁት በትምህርት ቴክኖሎጂ ነው፣ ኮርሶቼ በሙሉ ቴሌግራም ላይ አሉ፣ ሲሙሌሽን ክፍል ውስጥ እጠቀማለሁ። የምቃወመው አንድ ነገር ነው፣ እሱም ዩኒቨርሲቲን የሚያህል ነገር በሰው ሰርቨር ላይ የተከራየነው የስሪዲ ግቢ ውስጥ ማስገባት ይቻላል የሚለውን ሃሳብ። ይሄን የምለው ደሞ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ በአይኔ አይቻለሁ፣ አንዱን እዚሁ አገር ቤት አንዱን አሜሪካ።

አገር ቤት ያየሁት ፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም ፕላዝማ ወደ ሃይስኩል ሲገባ እኔ አዲስ ተመራቂ መምህር ሆኜ አንድ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት ተመድቤ ነበር። እድሜያችሁ የሚደርስ ታስታውሱታላችሁ፣ ቲቪው በቁልፍ የሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ ከአንድ ፔሬድ ለኔ የሚተርፈኝ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። እኔ በአራት አመት የተማርኩትን ይዤ ቲቪ ከፍቼ ጥግ ላይ እቆማለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰአት ይቆጥራል፣ ሰአቱ ሲያልቅ ቬሪ ጉድ ብሎ ያልፋል። ማን መለሰለት? ክፍሉ ውስጥ ከ70 በላይ ልጆች አሉ አንድም የመለሰ የለም፣ ቬሪ ጉድ ግን ተባለ። ሶስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ደብተሯ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ሳትጨርስ ስክሪኑ ይቀየርባታል፣ ቀና ትላለች፣ ደግማ ትጀምራለች፣ እንደገና ይቀየራል፣ ወር ሳይሞላ እስኪርቢቶዋን አስቀምጣ እጇን አጣጥፋ ማየት ጀመረች። መብራት ሲሄድ ደሞ ከባሰው የባሰ ነበር፣ ምክንያቱም ስርጭት ስለሆነ ማንንም አይጠብቅም፣ መብራቱ ሲመለስ ትምህርቱ ጥሎን ሄዶ ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው።

ፕላዝማን ያመጡት ሰዎች ክፉ አሰቡ አልልም፣ ጥሩ መምህር በሌለበት ቦታ ጥሩ መምህር እናድርስ ብለው ነው፣ አንዳንዱ ስእልና አኒሜሽንም እኔ በጠመኔ ልሰራው የማልችለው ነበር። ግን ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ያቺ ልጅ አልገባኝም ስትል የሚያያት አይን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም፣ የኔ አይን እያለ ደሞ ስራ ፈትቶ ነው የቆመው። ይሄንን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛውን ያየሁት አሜሪካ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ለማስተርስ ስኮላርሺፕ አግኝቼ ስሄድ። ያን ጊዜ ቨርቹዋል አለም የሚባለው፣ ሰው በኮምፒውተር ገብቶ የሚዘዋወርበት የስሪዲ አለም፣ በየኮሌጁ ወሬው ደርቶ ነበር፣ የኛም ኮሌጅ ከነዛ አለሞች በአንዱ ውስጥ ደሴት ተከራይቶ አንዱን ኮርሳችንን ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ እዛ ነበር የምንማረው። አስራ አራት ነበርን። ፕሮፌሰሯ ጎበዝ ሴት ናት፣ በእውነት ለፍታበታለች፣ ግማሽ ክብ የሆነ የድንጋይ መቀመጫ ያለው አምፊ ቲያትር ከባህር ዳርቻ አጠገብ ሰርታልናለች፣ ስላይዱ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ይታያል፣ አቫታራችንን (ስክሪኑ ላይ እኛን ወክሎ የሚታየውን ምስል) መርጠን እየበረርን ሁላ ነው ክላስ የምንገባው።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። እኔ የገዛሁት ላፕቶፕ ያገለገለ ስለሆነ ግራፊክስ ካርዱ አይችልም፣ ጓደኞቼ ግራጫ ሆነው ነው የሚታዩኝ፣ አንዳንዴ መቀመጥ የሚለውን ስጫን ሰው ጭን ላይ እቀመጣለሁ። ፕሮፌሰሯ ከክላሱ ሩቡን ያህል ትሰሙኛላችሁ፣ አንተ ማይክህን አጥፋ፣ አንቺ ድምጽሽ ይቆራረጣል ስትል ታሳልፈዋለች። ግን ይሄ ሁሉ የኢንተርኔትና የማሽን ችግር ነው ጊዜ ይፈታዋል ሊባል ይችላል፣ እሺ። ጊዜ የማይፈታውን ነገር ያየሁት አራተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ሰው ኪቦርዱን ለተወሰነ ደቂቃ ካልነካ አቫታሩ አንገቱን ይደፋል፣ ከጭንቅላቱ በላይ የለም የሚል ምልክት ይወጣል። ሌክቸሩ መሃል ላይ ቀና ብዬ ሳይ ከአስራ አራቱ ዘጠኙ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ እንደተኛ ሰው ወደፊት ታጥፈው ተደርድረዋል፣ ፕሮፌሰሯ ደሞ ፊት ለፊታቸው ቆማ እያስተማረች ነው። ማንን ነው የምትጠይቀው? ማን ገባው ማን አልገባውም የሚለውን ከየት ታነበዋለች? አንገቱን ያልደፋው ልጅ ራሱ በኋላ ሲነግረኝ ፓስታ እየቀቀለ አልፎ አልፎ መጥቶ ኪቦርዱን ነካ ያደርግ ነበር።

ከዛ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አራት ሆነን ማክሰኞ ማታ ላውንጅ ውስጥ አንድ ሶፋ ላይ ተሰብስበን መግባት ጀመርን። ላፕቶፓችንን ጭናችን ላይ አድርገን ጎን ለጎን ተቀምጠን አቫታሮቻችንን እዛ ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። ፕሮፌሰሯ አንድ ነገር ስትል አንዱ ቆይ እሱ ምን ማለት ነው ይላል፣ ሌላው ያስረዳዋል፣ ክርክር እንጀምራለን፣ ስክሪኑን እንረሳዋለን። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከዛ ኮርስ ያወቅኩት ነገር አብዛኛው ከዛ ሶፋ የመጣ ነው። ያለንበት ክፍል ቀድሞውኑ ክፍል ሆኖ ሳለ ሁለተኛ ክፍል ለመስራት ነው ያ ሁሉ ድካም የተደከመው።

ለፕሮጀክቴ የሰራሁት ነገር ነበር፣ ትልቅ ፔንዱለም፣ ክሩን ስታረዝመው ቀስ እያለ የሚወዛወዝ፣ ሶስት ወር ሙሉ ስክሪፕት (የኮምፒውተር ኮድ) ጽፌበታለሁ። ከተመረቅኩ በኋላ ኮሌጁ የደሴቱን ኪራይ ሳያድስ ቀረ። ስክሪፕቱ ከዛ አለም ውጪ ብዙም በማይሰራ ቋንቋ የተጻፈ ስለነበር የትም ልወስደው አልቻልኩም። አንድ ቀን ልገባ ስሞክር ቦታው የለም፣ አምፊ ቲያትሩም ፔንዱለሙም ባህር ሆኗል።

የኔን ልተወውና በአደባባይ ወደሚታወቀው ልምጣ። ከነዚህ አለሞች ሁሉ ስመ ገናናው ሰከንድ ላይፍ ነው፣ ሊንደን ላብ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈተው። እ.ኤ.አ. በ2006 የሃርቫርድ የህግ ትምህርት ቤት እዛ ውስጥ ኮርስ ሰጠ፣ በዛው አመት የዜና ወኪሉ ሮይተርስ ዘጋቢ መደበ፣ በ2007 ስዊድን ኤምባሲ ከፈተች፣ ከዛ ማን ይቅር፣ ዩኒቨርሲቲዎች እየተሽቀዳደሙ ደሴት ገዙ። አንድ ደሴት ማለት 256 ሜትር በ256 ሜትር ነው፣ ስድስት ሄክታር ተኩል ገደማ፣ እሱም የሰርቨር ቦታ ነው እንጂ አፈር የለውም። የወር ኪራዩ 295 ዶላር ሲሆን ለትምህርት ተቋም በግማሽ ዋጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ ድርጅቱ ከጥር 2011 ጀምሮ የትምህርት ቅናሹ ቀርቷል ብሎ አስታወቀ። በቃ፣ በአንድ ማስታወቂያ የግቢው ኪራይ እጥፍ ሆነ። ብዙ ተቋማት ጥለው ወጡ፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ ሲስተም ተሰደደ። ድርጅቱን አልወቅስም፣ ነጋዴ ነው፣ ዋጋውን የመወሰን መብት አለው፣ እኔ የምጠይቀው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ዋጋ በነጋዴ ማስታወቂያ እጥፍ በሚሆንበት ቦታ ላይ ለምን ይሰራል ነው።

እሱ እንኳ እስካሁን አለ፣ የሞቱትን ብትቆጥሩ ይበልጣሉ። ጎግል ላይቭሊ የሚባል አለም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ከፍቶ እዛው አመት መጨረሻ ላይ ዘጋው፣ ስድስት ወር እንኳ አልሞላውም። ተማሪ በካርቶን መነጽር አለምን እንዲያይ ታስቦ የነበረውን ኤክስፔዲሽንስ የሚባለውን አፕ ደሞ በሰኔ 2021 ዘጋው፣ በርካታ መምህራን ትምህርታቸውን እሱ ላይ አዘጋጅተው ነበር። ማይክሮሶፍት አልትስፔስ የሚባለውን የራሱን አለም በመጋቢት 2023 ዘጋ። ሞዚላም ሃብስ የሚባለውን የራሱን በግንቦት 2024 ዘጋ። እነዚህ እኮ ደካማ ድርጅቶች አይደሉም፣ ጎግልና ማይክሮሶፍት ናቸው። እነሱ አላዋጣንም ብለው የዘጉትን ነገር እኛ ከውጭ ምንዛሬ ቆርሰን ልንከራየው ነው። ላይብረሪያችን ውስጥ ከ50 አመት በፊት የተገዛ መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል፣ ማንም መጥቶ ዘግቼዋለሁ ሊለን አይችልም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ደሞ ፌስቡክ ስሙን ሜታ ብሎ ሲቀይር ነገሩ እንደ አዲስ ተነሳ። ለትምህርት ብሎ 150 ሚሊየን ዶላር መደበ፣ በ2022 ቪክትሪ ኤክስአር ከሚባል ድርጅት ጋር ሆኖ አስር የሚሆኑ የአሜሪካ ኮሌጆች ዲጂታል ግቢ እንዲኖራቸው ተደረገ፣ ለተማሪ መነጽር ተሰጠ። አማካሪያችን ያሳየን ስላይድ ላይ የነበሩት ፎቶዎች የዚህ አይነት ናቸው። ያልነገረን ግን የሜታ የዚህ ስራ ክፍል በዛው በ2022 ብቻ ከ13 ቢሊየን ዶላር በላይ መክሰሩን ነው። እነሱ የሚከስሩበት ገንዘብ አላቸው፣ እኛ የለንም። ዛሬ በነጻ ወይ በርካሽ የሚሰጠን ነገር ነገ ኪሳራው ሲመርራቸው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከላይ የዘረዘርኳቸውን አመተ ምህረቶች ማየት ይበቃል።

አሁን ወደኛ ቤት ልመለስ። አንድ የፍሬሽ ክፍል 60 ተማሪ አለው እንበል። ርካሽ የሚባለው የቪአር መነጽር 299 ዶላር ነው ብንል፣ ለ60 ልጅ 17,940 ዶላር ይመጣል፣ ዶላሩን በ100 ብር እንኳ ብናስበው (ከሐምሌ 2016 በኋላ በ100 እንደማይገኝ ታውቃላችሁ) 1.8 ሚሊየን ብር ገደማ ለአንድ ክፍል ብቻ። ባትሪው ሁለት ሰአት ምናምን ነው የሚቆየው፣ መብራት ሲጠፋ ቻርጅ የለም፣ ሁሉም ልጅ በአንድ ጊዜ ሲገባ የሚበቃ ዋይፋይ ያለው ግቢ ካለ ንገሩኝና ልሂድ ልየው። ኢንተርኔትስ? ለብሄራዊ ፈተና ተብሎ እንኳ የተዘጋበት አመት ነበር እኮ። በኮቪድ ጊዜ መጋቢት 2012 ላይ ተማሪዎቻችንን ወደየቤታቸው ስንሸኝ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ገጠር የገቡት ጠፉ፣ አንዱ ተማሪዬ ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ ላይ እየወጣ ነበር ሀንድአውት የሚያወርደው፣ ያውም ፒዲኤፍ ነው፣ ጥቂት ሜጋ ባይት። ያ ልጅ ነው በስሪዲ አለም ውስጥ ሌክቸር የሚከታተለው?

ሌሎችም ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮች አሉ። መነጽሩ ከጭንቅላት ኋላ በማሰሪያ ነው የሚጠብቀው፣ ሹሩባ የተሰራች ልጅ ላይ በደንብ አይቀመጥም፣ ሻሽ ወይ ሂጃብ ላይ ይንሸራተታል፣ አማካሪው ሲያሳየን ራሱ አንዷ ባልደረባችን ሞክራው በሁለት እጇ ይዛው ነው ያየችው። ደሞ ያጥወለውላል፣ አይን እየተንቀሳቀስክ ነው ይላል ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ደሞ ቁጭ ብለሃል ይላል፣ ሁለቱ ሳይስማሙ ሆድ ይገለበጣል። የሶስት ሰአት ላብ (የላቦራቶሪ ትምህርት) እንደዚ ሆኖ?

እነዚህ ሁሉ ግን ተፈቱ እንበል። መብራት አለ፣ ኢንተርኔት አለ፣ መነጽሩ በነጻ መጣ። እኔ ያን ጊዜም እቃወማለሁ፣ ምክንያቱን ከአንዲት ተማሪዬ ጋር ባለፈው ሴሚስተር ከሆነው ነገር ልንገራችሁ። የፔንዱለም ኤክስፐርመንት ነው፣ ቀላል ነገር ነው፣ ክር፣ የብረት ኳስ፣ ማስመሪያ፣ የስልክ ስቶፕዋች። የስበት አክስለሬሽንን (የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሰከንዱ ስንት እንደሚጨምር) አውጡ ነው ጥያቄው፣ 9.8 አካባቢ መምጣት አለበት። የሷ 9.4 መጣ። ደገመችው፣ 9.4። ሶስተኛ ጊዜ ደገመችው፣ አሁንም እሱ አካባቢ። ከጎኗ ያለው ልጅ 9.8 ብለሽ ጻፊና እንውጣ አላት፣ አልጻፈችም፣ እኔ ጋ መጣች። አልነገርኳትም፣ አብሬያት ቆምኩ፣ እስቲ ክሩን እንደገና ለኪው አልኳት። 50 ሳንቲሜትር አለች። ከየት እስከ የት? ከማሰሪያው እስከ ኳሱ የላይኛው ጫፍ። ኳሱ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት አለው። ዝም ብላ ኳሱን በጣቷ ስትነካው ቆየች፣ ከዛ መሃሉ ላይ ጣቷን አስቀምጣ እስከዚህ ነው ለካ አለች። 52 አድርጋ አሰላችው፣ 9.8 መጣ። ፊቷን ብታዩት! ያን ቀን ያወቀችውን ነገር ከመቶ ስላይድ አታገኘውም፣ ቁጥሩ ለምን እንደተሳሳተ ራሷ ደረሰችበት።

ቨርቹዋል ፔንዱለም ላይ ይሄ አይከሰትም። እኔ ራሴ ሰርቼዋለሁ ስላችሁ፣ ክሩ ከየት እስከ የት እንደሚለካ ስክሪፕቱ ውስጥ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ለተማሪው 52 የሚለውን ቁጥር አዘጋጅቼ ነው የምሰጠው፣ ሁሌም 9.8 ነው የሚመጣው። ክሩ አይለጠጥም፣ ነፋስ አይነካውም፣ የሰው ጣት አይዘገይም። አለምን የሰራው ሰው ያሰበውን ብቻ ነው እዛ ውስጥ ማግኘት የሚቻለው። ሳይንስ ደሞ ማንም ያላሰበውን ነገር ተፈጥሮ ላይ ማግኘት ነው እኮ፣ ዩኒቨርሲቲ ለዛ ካልሆነ ለምንድነው?

ሲሙሌሽን ዋጋ የለውም አላልኩም። የአየር መንገዳችን አካዳሚ ሲሙሌተር አለው፣ ፓይለቱ ሞተር ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ እዛ ይለማመዳል፣ እውነተኛ አውሮፕላን ላይ ሞተር አጥፍተህ አታስተምርም። ግን አካዳሚው በሲሙሌተር የሚለማመደውን ነገር ለይቶ ያውቃል፣ በረራ አቁሙ ያለም የለም። ፊዚክስ ላይም ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ፌት የሚባል አለ፣ ነጻ ነው፣ አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፣ እኔ በየሳምንቱ እጠቀመዋለሁ። ኤሌክትሮን በአይን አይታይም፣ እሱን በሲሙሌሽን አሳያለሁ፣ ኳስና ክር ግን ኳስና ክር ነው፣ ሁለቱም በጥቂት ብር መርካቶ ይገኛል።

ሌላው ስለ ግቢ ሕይወት ነው። ፕሬዘንቴሽኑ ላይ ሶሻል ስፔስ የሚል ስላይድ ነበር፣ አቫታሮች ተቀምጠው ያወራሉ። የኛ ተማሪ ከቤቱ ስንት መቶ ኪሎሜትር ርቆ ይመጣል፣ ስሙን ሰምቶት ከማያውቀው ከተማ ከመጣ ልጅ ጋር አንድ ዶርም ይመደባል፣ መጀመሪያ ይፈራዋል፣ ከዛ ሳሙና ይዋዋሳሉ፣ ከዛ ለሚድ ፈተና ባዶ ክፍል ገብተው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰአት አብረው ያነባሉ፣ አንዱ ሲያመው ሌላው ክሊኒክ ይወስደዋል። ይሄም ችግር የለበትም አልልም፣ ግቢዎቻችን ውስጥ ስንት የሚያሳዝን ነገር እንደሆነ አይተናል። ቢሆንም እነዚህ ልጆች አንድ ላይ የሚኖሩበት ሌላ ቦታ አገሪቱ ውስጥ የለም። አቫታር ሳሙና አይዋዋስም፣ አቫታር አያመውም።

በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ የቀጣዩ አመትም ከዛ ብዙ አልተለየም። ይሄ ቁጥር ለኔ የሚነግረኝ ወደኛ የሚመጣው ልጅ ከምን ጊዜውም በላይ ጎኑ የሚቆም ሰው እንደሚያስፈልገው ነው። ልጁ አልገባኝም ለማለት የሚያፍር ልጅ ነው፣ እንግሊዝኛው ከብዶታል፣ ሲደናገረው አንገቱን ያቀረቅራል፣ መምህር ያንን ያያል፣ ከክላስ በኋላ ቆይ ይለዋል። ፕላዝማ አላየውም። አቫታሩ ደሞ አንገቱን የሚያቀረቅረው ልጁ ተነስቶ ሲሄድ ነው።

ስለዚ የምለምናችሁ፣ አንድም ውል ከመፈረሙ በፊት ነገሩ ለመምህራንና ለላብ አሲስታንቶች ይቅረብ፣ ፕሬዘንቴሽን ብቻ ሳይሆን ክርክር ይኑርበት፣ ሰአት አልቋል አይባል። ሻጩ ድርጅት ዋጋ ቢጨምር ወይ ቢዘጋ የሰራነው ነገር የማን እንደሚሆን ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ ካልተጻፈ አይፈረም። መሞከር ካለበት አንድ ኮርስ፣ አንድ ሴሚስተር፣ አንዱ ክፍል በመነጽር ሌላው ክፍል በተራ ላብ ተምሮ አንድ አይነት ፈተና ይፈተንና ውጤቱ ለሁላችንም ይለጠፍ። ተሳስቼ ከሆነ በዛው ሰሌዳ ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ እላለሁ፣ ከልቤ ነው።

እስከዛ ድረስ ግን የኛ ዲፓርትመንት ላብ ቅዳሜ ዝግ ነው፣ ምክንያቱ ለላብ አሲስታንቱ የትርፍ ሰአት የሚከፈል በጀት የለም የሚል ነው። ከስድስቱ ኦስሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ ማሳያ መሳሪያ) አራቱ ፊውዝ ጠብቀው ተቀምጠዋል። ያቺ 9.4 ያመጣች ልጅ ቅዳሜ መጥቼ በረጅም ክር ልድገመው ብላ ጠይቃኝ ነበር፣ ቁልፉ እኔ ጋ የለም አልኳት። ቁልፉ ይሰጠኝ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሶስት ሰአት እስከ ስድስት ሰአት እኔ ራሴ በነጻ እቆማለሁ፣ አብረውኝ የሚቆሙ ሶስት ባልደረቦች አሉኝ፣ ስማቸውን ለዲፓርትመንቱ ሃላፊ በጽሁፍ አስገብቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር